የአንድን ኢምፓየር መስፋፋት ከነፋስ፣ ከውሃና ከዳገት አንጻር ማጥናት፦ ኦቶማን ቱርክን በቀይ ባሕር ማሳያ ያደረገ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለታሪክ ተማሪዎችና መምህራን፣ እንዲሁም በራሳቸው ተነሣሥተው ያለፈውን ዘመን ለሚመረምሩ ሰዎች ነው። ዓላማው ከ1500 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ከነበሩት ኢምፓየሮች አንዱን ወስዶ፣ የት ድረስ እንደ ደረሰ፣ ለምን እዚያ እንደ ቆመ፣ የያዘው ምድርም መልሶ እንዴት እንደ ለወጠው ደረጃ በደረጃ ማጥናት የሚቻልበትን መንገድ ማሳየት ነው። ለማሳያ የመረጥኩት የኦቶማን ቱርክን የቀይ ባሕር መስፋፋት ነው። ግብፅን በ1517 ከያዘ በኋላ በአርባ ዓመት ውስጥ ኤደንን፣ ሰንዓንና ምጽዋን የያዘ ኃይል፣ ከምጽዋ ወደ ላይ ጥቂት የቀን ጉዞ ብቻ በሚርቀው ደጋ ላይ ጸንቶ መቀመጥ ያቃተው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው፣ ከጦርነት ታሪክ ብቻ ሙሉ መልስ አያገኝም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የመሬት ከፍታን የሚያሳይ ካርታ (ከሳተላይት የተነሣና በነፃ የሚገኝ ቢሆን ይበቃል)፣ ማስመሪያ፣ ሰፊ ወረቀት፣ የቀን መቁጠሪያዎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ፣ ቢያንስ ሁለት ከተለያየ ወገን የተጻፉ የዘመኑ ምንጮች፣ እና ትዕግሥት።

አንደኛ፦ ኢምፓየሩን ሳይሆን አንድ መንገድ ይምረጡ

«የኦቶማን ኢምፓየርና አካባቢው» ብሎ የተነሣ ጥናት ከቡዳፔስት እስከ ባስራ ሲባዝን ይቀራል። ስለዚህ ሰው፣ እህል፣ እንጨት ወይም መድፍ የተጓጓዘበትን አንድ መንገድ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ከካይሮ እስከ ስዊዝ፣ ከስዊዝ እስከ ጅዳ፣ ከጅዳ እስከ ምጽዋ፣ ከምጽዋ እስከ ደባርዋ (በደጋው ላይ ያለች ከተማ)። ከዚያም ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የእኛ ጥያቄ «በ1557 ምጽዋን የያዘው ኃይል ደጋውን ለምን ሊይዝ አልቻለም?» የሚል ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ በታሪክ መጻሕፍት ያሉትን ባለቀለም ካርታዎች በጥርጣሬ እንዲያዩ አጥብቄ እመክራለሁ። ኦቶማኖች በ1555 ያቋቋሙት የሐበሻ ኤያሌት የተባለው ክፍለ ግዛት በብዙ ካርታዎች ላይ ከባሕሩ ዳር እስከ መሀል አገር በአንድ ቀለም ተቀብቶ ይታያል። በተግባር ግን ይዞታው የጥቂት ወደቦች፣ የውሃ ጉድጓዶችና ምሽጎች ሰንሰለት ነበር። ስለዚህ ቀለሙን ይተዉና በባዶ ካርታ ላይ ወታደር በእርግጥ የሰፈረባቸውን ቦታዎች ብቻ በነጥብ ያመልክቱ። ይህን ብቻ መሥራት ራሱ ብዙ የተለመዱ አባባሎችን እንደገና ለመመርመር ያስገድዳል።

ሁለተኛ፦ የመንገዱን ከፍታና ውሃ ይሳሉ

በመንገዱ ላይ መስመር አስምረው በየ10 ኪሎ ሜትሩ ከፍታውን ይመዝግቡ። ምጽዋ በባሕር ጠለል ላይ ያለች ደሴት ስትሆን፣ በቀጥታ መስመር ከ70 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለው የአስመራ አምባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ፣ ከታች ተነሥቶ ላይ የደረሰ ወታደር በጥቂት ቀናት ውስጥ የ15 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይገጥመዋል። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የምንላቸው ቃላት ይህን በሚገባ ይገልጹታልና በጥናትዎ ይጠቀሙባቸው፤ ለአገሩ ነዋሪዎች እነዚህ ቃላት ከፍታን ብቻ ሳይሆን የሚዘራውን እህል፣ የሚጫነውን እንስሳና የሚፈራውን በሽታ ጭምር ይናገራሉ። ለቆላው አሸዋ የተፈጠረው ግመል ለደጋው ድንጋያማ ዳገትና ብርድ አይመችም፤ በቅሎና አህያ የግድ ናቸው። የደጋ ሰውም በበኩሉ ንዳድን ስለሚፈራ ቆላ ወርዶ መሰንበትን አይወድም ነበር። ዳገቱ ለሁለቱም ወገን ከባድ እንደ ነበረ እዚህ ላይ ይጻፉት፤ የደጋው ነገሥታት ወደቡን በቋሚነት ይዘው ለመቆየት የተቸገሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነውና።

ቀጥሎ ውሃውን ይፈልጉ። ምጽዋ ደሴት የራሷ በቂ የመጠጥ ውሃ የላትም፤ ውሃ የሚመጣላት ከማዶ በየብስ ካለችው ከሕርጊጎ ጉድጓዶች ነበር። ስለዚህ በካርታዎ ላይ ከምጽዋ ይልቅ ሕርጊጎን በትልቁ ያክብቡ፤ ደሴቲቱን ይዞ ጉድጓዶቹን ያልያዘ ኃይል ወደቡን ያዘ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛ፦ የወቅት ሠንጠረዥ ያዘጋጁ

የዚህ ሥራ ልብ ይህ ደረጃ ነው። በወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለቱን ወራት በአግድም ይጻፉና ከታች ለነፋስ፣ ለዝናብ፣ ለጎርፍ፣ ለመኸርና ለወረርሽኝ አንድ አንድ ረድፍ ይስጡ። የጦርነቱን ክንውኖች የሚጽፉት በመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፤ አስቀድመው ከጻፉት ወቅቱን ከክንውኑ ጋር እንዲስማማ አድርጎ የመሙላት ፈተና ይመጣል።

የነፋሱ ረድፍ እንዲህ ይሞላል። ከጅዳ በስተሰሜን ባለው የቀይ ባሕር ክፍል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል። በደቡቡ ክፍል ግን ይገለባበጣል፤ በክረምት ወራት ከሰሜን ይነፍሳል፣ በበጋ ወራት ደግሞ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሕንድ በበጋው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የመጡ ትልልቅ መርከቦች ጅዳ ላይ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታቸዋል። ይህን ካወቁ በኋላ የግብፁ ገዥ ሱሌይማን ፓሻ በ1538 ያደረገውን ዘመቻ ይመልከቱ። በጁን ከስዊዝ ተነሣ፣ በኦገስት ኤደን ደርሶ ከተማዋን ያዘ፣ በሴፕቴምበር በሕንድ ጠረፍ ከፖርቱጋሎች ምሽግ ከዲው ፊት ደረሰ፣ በኖቬምበር ከበባውን ትቶ ተመለሰ። የከበባው ርዝመት ሁለት ወር ብቻ የሆነው ፓሻው ስላልጸና ብቻ ነው የሚል ሰው፣ የሚያመጣው ነፋስ ማለቁንና የሚመልሰው ነፋስ መጀመሩን ከዚህ ረድፍ ላይ ማንበብ አለበት። እርግጥ ነው፣ በሠራዊቱና በአካባቢው ገዢዎች መካከል የተፈጠረው አለመተማመንም ነበር፤ ነገር ግን አለመተማመኑ ጊዜ ቢኖር ይፈታ ይሆናል፤ ነፋሱ ያንን ጊዜ አልሰጠም።

በዝናቡ ረድፍ ላይ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ይጠቀሙ። ደጋው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብበት፣ የምጽዋ ዳርቻ ጥቂቱን ዝናቡን የሚያገኘው ከኅዳር በኋላ ባሉት ወራት ነው። አርብቶ አደሩ ሕዝብ ከብቱን በክረምት ወደ ደጋ፣ በበጋ ወደ ባሕሩ ዳር የሚነዳው ይህን ተከትሎ ነው። ከባሕር የመጣ ሠራዊትም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ መግባት ነበረበት። ዐፄ ገላውዴዎስን በኢማም አሕመድ (ግራኝ) ላይ ለመርዳት በጁላይ 1541 ምጽዋ የወረዱት የክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ደጋው ላይ ከወጡ በኋላ ዝናቡ እስኪያልፍ ደባርዋ ከርመው ጉዟቸውን የጀመሩት በዲሴምበር ነው። በነገራችን ላይ፣ «ከረመ» የሚለው ግስ ለተመራማሪ የማይናቅ መሣሪያ ነው። የግእዝ ዜና መዋዕሎች ንጉሡ የት «ከረመ» እንደሚሉ ዓመት በዓመት ቢለቅሙ፣ የሠራዊቱ ዕረፍትና የከተማው መቀመጫ በየዓመቱ የት እንደ ነበረ የሚያሳይ ካርታ ያለ ሌላ ምንጭ ይወጣልዎታል።

ወቅትን ከቀን ጋር ሲያገናኙ የዘመን አቆጣጠርን ልብ ማለት ግዴታ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ በተማሪዎች ሥራ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። የአውሮፓ ምንጮች ከ1582 በፊት የሚጠቀሙት በዩልዮስ አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ዘመን መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ነበር፣ ከዘመነ ዮሐንስ መግቢያ በቀር። ፖርቱጋሎቹ የተሸነፉበት የወፍላ ጦርነት ኦገስት 28 ቀን 1542 ተደረገ። ዛሬ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ካነጻጸሩት ነሐሴ 22 ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1534 ዓመተ ምሕረት፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው። አሥራ ሦስት ቀን ለፖለቲካ ታሪክ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ዝናቡ ሊወጣ በተቃረበበት ጊዜ ግን ወንዝ መሻገር በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ነው። የሂጅራው ዓመት ደግሞ ከፀሐይ ዓመት ወደ 11 ቀን ስለሚያጥር ወራቱ በወቅቶች ውስጥ ይዞራሉ፤ የኦቶማን ሰነድ «ረመዳን» ሲል ክረምት ይሁን በጋ ዓመቱን ሳያሰሉ ማወቅ አይቻልም። ይህ የሰነድ ችግር ብቻ አልነበረም። የመንግሥቱ ዋና ገቢ በመኸር፣ ማለትም በፀሐይ ዓመት ሲሰበሰብ፣ ጃኒሳሪ የተባሉት የሱልጣኑ ቋሚ ወታደሮች ደመወዝ የሚከፈለው በጨረቃ ዓመት ነበር፤ በ32 የፀሐይ ዓመታት ውስጥ 33 የጨረቃ ዓመታት ስላሉ፣ ግምጃ ቤቱ በየጊዜው መኸር የሌለው የአንድ ዓመት ደመወዝ ይጠየቅ ነበር።

አራተኛ፦ ሸክሙን ያስሉ

ብዙዎቻችን ቁጥር ስለሚያሰለቸን ይህን ደረጃ እንዘለዋለን፤ እባክዎ አይዝለሉት። ለአንድ ወታደር በቀን 1 ኪሎ ግራም እህል ይያዙ። 1,000 ወታደሮች ለ30 ቀን 30,000 ኪሎ፣ ማለትም 300 ኩንታል ያስፈልጋቸዋል። አንድ ግመል 150 ኪሎ ይሸከማል ብንል 200 ግመል ይሆናል፤ ይህም የነጂዎቹን ቀለብ፣ ባሩዱንና መድፉን ሳይጨምር ነው። ውሃው የበለጠ ያስጨንቃል፤ በቆላው ሙቀት ለአንድ ሰው 5 ሊትር ብቻ ቢመደብ በቀን 5,000 ሊትር፣ ከ33 ግመል በላይ ለአንድ ቀን ብቻ ይጠይቃል። እነዚህ ግምቶች የእርስዎ የጥናት ግምቶች እንጂ የታሪክ ቁጥሮች አይደሉምና በጽሑፍዎ ውስጥ ለይተው ያሳውቁ። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ሠራዊቱ የሚበላውን ካለበት አገር ካላገኘ፣ በግብር ይሁን በገበያ ወይም በዘረፋ፣ ከባሕሩ ብዙ ሊርቅ አይችልም።

ለእንጨትም ተመሳሳይ ስሌት ይሥሩ። የስዊዝ መርከብ መሥሪያ በረሃ ላይ ነው። ለመርከቡ የሚሆነው ግንድ ከአናቶሊያ ደቡባዊ ተራሮች ተቆርጦ በሜዲትራንያን ወደ ግብፅ ይመጣል፤ በዓባይ ላይ ካይሮ ይደርሳል፤ ከዚያ በግመል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ ስዊዝ ይገባል። በስዊዝ የወረደች እያንዳንዷ ጀልባ በሜዲትራንያን ከሚሠራ መርከብ ይልቅ እጅግ ውድ ነበረች ማለት ነው። ኦቶማኖች በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከፖርቱጋሎች ጋር የነበራቸውን ፉክክር በእነርሱ የፍላጎት ማነስ ብቻ የሚያስረዱ ጸሐፊዎች ይህን መንገድ በጣታቸው ተከትለው ቢያዩት ይበጃል።

አምስተኛ፦ በመካከል ያሉትን ሰዎች ይለዩ

ነፋስና ዳገት በራሳቸው ታሪክ አይሠሩም፤ የሚሠሩት አካባቢውን በሚያውቁ ሰዎች እጅ አልፈው ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ የማን ነው፣ በቅሎ የሚያከራየው ማን ነው፣ መንገድ የሚመራው ማን ነው እያሉ ስም ይልቀሙ። በእኛ ማሳያ መልሱ ሁለት አቅጣጫ አለው። በቆላው፣ «በለው» የተባለው የሕርጊጎ ወገን ሹማምንት ከጊዜ በኋላ ናይብ (ምክትል እንደ ማለት ነው) እየተባሉ የኦቶማኖች ወኪል ሆኑ፤ ውሃውንና ወደ ደጋ የሚወጡትን የንግድ ቅፍለቶች የያዙት እነርሱ ስለ ነበሩ፣ ሩቅ ያለው መንግሥት ብዙ ወታደር ከማስፈር ይልቅ በእነርሱ በኩል መግዛትን መረጠ። በደጋው ደግሞ ባሕረ ነጋሽ (የሰሜኑ አገር ገዥ) ይስሐቅ አለ። የሐበሻ ኤያሌት የመጀመሪያው ገዥ ኦዝደሚር ፓሻ ደባርዋ ድረስ ወጥቶ የነበረ ቢሆንም ቱርኮች ደጋው ላይ መሠረት ያገኙት ይስሐቅ ከዐፄ ሚናስ፣ ኋላም ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ተጣልቶ ወደ እነርሱ ባጋደለ ጊዜ ነው። በ1570ዎቹ መጨረሻ ሠርፀ ድንግል ይስሐቅንና ቱርኮችን በአንድነት ድል ሲያደርግ ይስሐቅም በጊዜው የነበረው የቱርክ ፓሻም ወደቁ፤ ቱርኮችም የደጋ ወዳጅ ሲያጡ ደጋውን አጡ። እህል የሚሰፍር፣ በቅሎ የሚጭን ሰው አልነበራቸውምና።

ስድስተኛ፦ አቅጣጫውን ገልብጠው ይጠይቁ

እስካሁን የጠየቅነው አካባቢው መስፋፋቱን እንዴት እንደ ገደበ ነው። አሁን አካባቢው ራሱን ማዕከሉን እንዴት እንዳናወጠ ይጠይቁ። ለዚህ የግብፅን ጎርፍ መከተል ከሁሉ ይሻላል፤ ወደ ኢትዮጵያም በቀጥታ ይመራናል። ግብፅ የሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ሲሆን፣ የክረምቱ ጎርፍ ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ከዚያው ነው። በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት ባለው የውሃ መለኪያ ዓምድ ላይ ጎርፉ 16 ክንድ ሲደርስ የመሬት ግብር መሰብሰብ ይፈቀድ ነበር። በጎጃምና በላስታ የዘነበው ዝናብ በካይሮ ግብር፣ በኢስታንቡል ቀለብ፣ በመካና በመዲና ለሐጃጅ የሚላክ እህል ይሆናል ማለት ነው። በ1783 በአይስላንድ የላኪ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአየር ላይ የተበተነው ጭስ የአፍሪካን ክረምት አዳከመ፤ የዓባይ ጎርፍ ቀነሰ፤ በግብፅ ጽኑ ረኃብ ሆነ። በካርታዎ ላይ ይህን ሰንሰለት በቀስት ያሳዩ።

ሁለተኛው ምሳሌ አናቶሊያ ነው። በ1590ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ የዛፍ ዓመታዊ ቀለበት እንደሚመሰክረው፣ በዚያ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ያልታየ ረዥም ድርቅ ወደቀ። መንግሥቱ ከ1593 ጀምሮ በሀንጋሪ ግንባር ጦርነት ላይ ስለ ነበር ከገበሬውና ከአርብቶ አደሩ እህልና በግ መጠየቁን አላቆመም። የጄላሊ አመፅ የተባለው ሁከት ተቀጣጠለ፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ። ድርቁ ብቻውን ቢሆን፣ ጦርነቱም ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል አያደርስም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው የጎዳው። በጥናትዎም ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ካላስቀመጡ ይህን አያዩትም።

ሰባተኛ፦ የራስዎን መልስ የሚቃወም ክንውን ይፈልጉ

አካባቢ ሁሉን ይወስናል ወደሚል ድምዳሜ መንሸራተት የዚህ የጥናት ዘርፍ ትልቁ አደጋ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዥዎን የሚያፈርስ ቢያንስ አንድ ክንውን ሆን ብለው ይፈልጉ። ከላይ የጠቀስነው የወፍላ ጦርነት ለዚህ ይሆናል። ዳ ጋማ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የሰፈረው ለመክረም ነበር። ኢማም አሕመድ ግን ከየመኑ የቱርክ ፓሻ 900 ያህል ነፍጠኛና አሥር መድፍ አግኝቶ ክረምቱ ሳይወጣ መጣበት፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። በሠንጠረዡ መሠረት ያ ጦርነት በዚያ ወር መደረግ አልነበረበትም። ለምን ተደረገ? የመን ከማዶ ቅርብ ናት፤ ኢማሙ አገሩንና መንገዱን ያውቃል፤ በአካባቢው ደጋፊም አለው፤ ተቃዋሚውም ክረምቱን ተማምኖ ተዘናግቷል። ዝናብ የዘመቻን ዋጋ ያስወድዳል እንጂ ዘመቻን አይከለክልም ማለት ነው፤ ዋጋውን ለመክፈል የተዘጋጀ መሪ ደግሞ ከዝናቡ ራሱ ይጠቀማል። አብዛኞቹ ቱርኮች ወደ የመን ከተመለሱ በኋላ ግን ኢማሙ በፌብሩዋሪ 1543፣ በበጋ፣ ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ገጥሞ ወደቀ።

ስምንተኛ፦ ጽሑፉን ከወቅቱ ይጀምሩ

ሲጽፉ በሱልጣኑ ስምና በነገሠበት ዓመት አይጀምሩ። አንድ የተወሰነ ወር፣ አንድ የተወሰነ ቦታና አንድ ሸክም ይምረጡ፤ ለምሳሌ በመጋቢት ወር ከሕርጊጎ ጉድጓድ ወደ ምጽዋ የሚሻገር የውሃ አቁማዳ። ከዚያ ተነሥተው ውሃውን ማን እንደ ቀዳ፣ ማን እንዳስከፈለ፣ ማን እንደ ጠጣ እየተረኩ ወደ ደባርዋ ምሽግና ወደ ካይሮ ግምጃ ቤት ይውጡ። የወቅት ሠንጠረዡን በአባሪነት ያያይዙ፤ በየቀኑ አጠገብም ምንጩ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ጻፈው በቅንፍ ያመልክቱ።